የዳነች ሴት ድካም

«ድናለች እኮ። ወረቀት ሁሉ ተሰጥቷታል። አሁን የያዛት በሽታ ትራስ ነው።»

የሺሀረግ ይህን ያለችው በቆርቆሮው አጥር በኩል ለጎረቤቷ ለዮርዲ እናት ነው። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሰገነት በጓሮው ክፍል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ለመክተት ጉልበት ስታጠራቅም ሰማችው። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀላት ነበር። መብራት ጠፋ፣ ዝናቡ ዘገየ እንደሚባለው ያለ የጠዋት ወሬ ነው። የዮርዲ እናትም «ሰው ከተኛ እኮ ይለምድበታል» አለች፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዞረ፤ ኪሎው ሰላሳ አምስት ብር ገብቷል። ሰገነት ሁለተኛውን ጫማ አጥልቃ እንደ ተቀመጠች ቀረች። ያስቀየማት ነገሩ መባሉ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ወዲህ እሷም ራሷን እንደዚሁ ብላ ስለምትጠረጥር ነው።

የሺሀረግ የሰገነት ታናሽ ወንድም የወንድይፍራው ሚስት ናት። ሰገነት ከሳውላ ወደ ጂንካ መጥታ በዚህ ግቢ ስትኖር አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ በግራ አልጋዋ፣ በቀኝ ደግሞ እስከ ጣሪያው የተቆለለ ሰማያዊ ጨርቅ። ጂንካ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ዛሬ ሁለት ሺህ ብር ይከራያል፤ የሺሀረግ ይህን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ሌላም አንስታው የማታውቅ ነገር አለ። ሰገነት ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ በዚህ ሰፈር ከየሺሀረግና ከወንድይፍራው በቀር የሚያውቅ የለም። የሺሀረግ ምላሷ ስለት ነው፤ በዚያ ምላስ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ለማንም አልወጣችም። ዛሬም ለዮርዲ እናት ያወራችው ስለ ጉበቱ ብቻ ነው።

የጉበቱ ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነበር። ሄፓታይተስ ሲ ነው ተባለች። ከየት እንደያዛት፣ መቼ እንደያዛት የሚነግራት አልተገኘም፤ ምናልባት በልጅነቷ ሳውላ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ መርፌ ይወጋ ከነበረው ሰውዬ፣ ምናልባት ጥርሷን ካስነቀለችበት ቦታ። ከሁለት ዓመት በፊት አርባ ምንጭ እየተመላለሰች አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን አንድ ኪኒን ዋጠች። በመጨረሻ ደሟ ተመርምሮ «አይታይም» የሚል ወረቀት መጣ። ያን እሑድ በቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ፤ ሰገነትም ማይክ ይዛ «ድኛለሁ» አለች። በነሱ ጉባኤ ይህ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የነፍስም የሥጋም ነው። ሕዝቡ እልል አለ፤ የሺሀረግ ሁለት በግ አሳርዳ ሰው ጠራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰገነት የዳነች ሴት ናት። የዳነች ሴት ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሯን ዘግታ አትተኛም።

እሷ ግን ትተኛለች። ድሮ በቀን ስምንት ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ማታ መዘምራን ልምምድ ሄዳ፣ ተመልሳ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። አሁን ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እግሯ መኪናውን መርገጥ ያቅተዋል። እንቅልፍ አይደለም። ውሃ እንደጠጣ ጆንያ ሰውነቷ ወደ ታች ይጎትታታል። የምትፈልገው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋታል። ሰኔ ላይ የሺሀረግ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት የስድሳ ዩኒፎርም ትእዛዝ አምጥታላት ነበር፤ ለመስከረም አምስት። ደስ ብሏት፣ ለሰገነት ብላ፣ በሰው ፊት ሙያዋን አሞግሳ ነው ያመጣችው። ዛሬ ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ የተሰፋው ሃያ ሁለት ነው። በዚህ ምክንያት ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት በየሺሀረግ ልጅ በቤቴል በኩል ነው። «እትዬ ምሳ ትበላ እንደሆነ ጠይቂያት።» «ለእማማ አልራበኝም በያት።»

ቤቴል ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መልእክቱን እንደ ደረሰ ማድረስ አትወድም፤ የራሷን ትጨምርበታለች። ያን ጠዋት የተቀቀለ በቆሎ ይዛ ገባች። «እማማ ብይ ብላሻለች» አለች፤ እናቷ እንዳላለች ሰገነት ታውቃለች። ልጅቷን ላለማሳዘን በቆሎውን ተቀብላ ግማሹን ጨረሰች። ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው ሐኪም ቤት ያሏት ትዝ ያላት፤ ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ ነበር የተባለችው። በልታለች፤ ምን ታድርገው። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የቀጠሮ ካርዷን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች። በር ላይ ወንድይፍራውን አገኘችው። ወደ ዞን መሥሪያ ቤቱ ሊሄድ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል። ይህ ልጅ በሷ መርፌ ነው የተማረው፤ ሳውላ ላይ ለደብተሩ፣ አዋሳ ላይ ለዶርሙ ስትሰፋ አደረች። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዓይኗን ደፍሮ የማያየው። «ወዴት ነሽ እትዬ?» አለ ቀና ሳይል። «እዚሁ ቅርብ» አለችው። «እሺ በርቺ» አለና ሌላኛውን ጫማ አነሣ።

ቅርብ አልነበረም። ባለባጃጁ አሥራ አምስት ብር ተቀብሎ በኮረብታው መንገድ ወደ ሆስፒታሉ ሲያወጣት ሰገነት ሦስት ወር ሙሉ ለማንም ያልነገረችውን ነገር በልቧ ትደግም ነበር። ግንቦት ላይ፣ በየስድስት ወሩ በምትታየው አልትራሳውንድ፣ ዶክተር ሃዊ እጇን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ብዙ ቆየች። ከዚያ «አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች፤ ሦስት ወር ቆይተን መጠኗን እናያለን። ያኔ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘው ይምጡ» አለቻት። ነጥብ። ሰገነት ያን ቃል ይዛ ወጥታ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። ጉበቱ የጠነከረበት ሰው ላይ ምን እንደሚበቅል ቀድሞ ነግረዋት ነበር። እቤት ደርሳ ግን ምን ትበል? በስንት በግ የተመሰገነበትን መዳን መልሳ ልታፈርሰው? ዝም አለች። ዝም ብላ ከስድሳው ዩኒፎርም ጎን ሌላ ሥራ ጀመረች። ለቤቴል የአሥር ዓመት፣ የአሥራ አንድ ዓመት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት የገና ቀሚስ ሰፋች። የልጅቷ ትከሻ በዓመት ስንት እንደሚሰፋ ገምታ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ብዙ አጥፋ፣ ሦስቱንም ሣጥኗ ሥር አስቀመጠች። የሺሀረግ «እጇ ፈዘዘ» ብላ የምታማው ጊዜ እነዚያ ሦስት ቀሚሶች የተሰፉበትንም ይጨምራል።

ካርድ ክፍሉ ጋ ወረፋው ረጅም ነበር። የሐመር ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር በግድግዳው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚመስል ሰው ስልኩን እየነካካ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ጋሽ ኤርጎን አየቻቸው። ጋሽ ኤርጎ የአሪ ሰው ናቸው፤ ከጂንካ ወጣ ብሎ ከተራራው ሥር እንሰትና በቆሎ ያርሳሉ። አርባ ምንጭ ሲመላለሱ በአንድ አውቶቡስ፣ አንዳንዴም በአንድ ወንበር የሄዱ ናቸው። እሳቸውም እንደሷ ሁለቱ በሽታ አብረው የያዟቸው፣ እንደሷ አንደኛው የለቀቃቸው።

«መጣሽ ሰገነት» አሉ፤ አማርኛቸው በአሪኛ ዜማ ነው የሚወጣው። «ሰውነት እንዴት ነው?»

«ድኛለሁ አይደል ጋሼ» አለች እየሣቀች።

«እኔም ድኛለሁ» አሉ። «ልጆቼ ዳንክ አሉኝ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ ጀርባ ላይ ጫኑብኝ። እኔ ደግሞ ኩራት አለ፤ ተሸከምኩ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ተቀመጥኩ። በሰው ፊት አፈርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገርኳቸው። የማሳው እሳት ጠፋ ማለት የተቃጠለው እንሰት ያን ቀን ይቆማል ማለት ነው ወይ አልኳቸው። ገበሬ ናቸው፣ ገባቸው። አሁን ሩብ ኩንታል ነው የምሸከመው። ቀኑን ሙሉ፣ ቀስ እያልኩ።» ፊቷን አዩ። «አንቺ ነግረሻቸዋል?»

ያኔ የሰገነት ስም ተጠራ።

የአልትራሳውንድ ክፍሉ ነርስ ምን እንደበላች ስትጠይቃት አልዋሸችም። «ግማሽ በቆሎ፤ አንድ ሰዓት ላይ።» ነርሷ ጽፋ ሳትቆጣት «እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሱ፤ ዶክተር ያኔ ትገባለች። ውሃ እንኳን ጥቂት ነው፤ ሌላ ምንም እንዳይቀምሱ። ስልክዎ ያው ነው?» አለቻት። ሰገነት ያው ነው አለች፤ ስልኳን እቤት ትራሷ ሥር ረስታ እንደመጣች ያወቀችው ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ነው። ተመልሳ ለማምጣት አሰበች። ደግሞ ያን በር፣ ያን ግቢ፣ የሺሀረግ ፊቷን ስታዞር አሰበችና ተወችው። ከጋሽ ኤርጎ ጋር ቁልቁል ወረደች። እሳቸው መድኃኒታቸውን ተቀብለው የሰፈራቸውን መኪና ይጠብቃሉ፤ መኪናው ሳይሞላ አይነሣም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጊዜ አላቸው።

ከከተማው መሐል ባለው በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላኑ ወደ አዲሱ ሜዳ ከተዛወረ ወዲህ እዚያ ላም ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሰው በአቋራጭ ያልፋል። ደመናው ከተራራው ላይ ወርዶ የቤቶቹን ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ጋሽ ኤርጎ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ጥጃ፣ ዘንድሮ ለቡና ችግኝ ስለቆፈሩት ጉድጓድ አወሩ፤ ችግኙ ለፍሬ አራት ዓመት እንደሚፈልግ ሲናገሩ ያን አራት ዓመት እንደሚያዩት ጥርጥር የላቸውም። ሰገነት ሰማቻቸው። ሆዷ ባዶ ነው፣ ፍርሃቷም እንዳለ ነው፤ ሆኖም ደስ የሚል ቀን ነበር። ከሥራ ቀን መሐል እንዲህ ሜዳ ላይ ከተቀመጠች ስንት ዓመቷ ነው? በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ሳውላ ላይ ሰውነቷ አርባ ኪሎ ሳይሞላ ተኝታ ሳለ ለመቃብሯ ቦታ የመረጡ ዘመዶች ነበሯት። ከነሱ ሁለቱን ራሷ ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ያየችው ሁሉ ምርቃት ነው፤ የወንድይፍራው ምርቃት፣ ሠርጉ፣ የቤቴል የመጀመሪያ ጥርስ። ይህን እያሰበች የጋሽ ኤርጎ ድምፅ ራቀባት። እሳቸው ትከሻዋን ነካ አድርገው ሲቀሰቅሷት ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ነጠላዋን አጥፈው ከራሷ ሥር አድርገውላት ነበር። «ማንም አልተቆጣ» አሉ። «ላሟም አልተቆጣች። ሂጂ አሁን።»

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ አግዳሚው ላይ የሺሀረግ ተቀምጣለች።

ሰገነት መጀመሪያ ሌላ ሴት መሰለቻት። የሺሀረግ ፀጉሯን ሳትሠራ ሱቅ እንኳን የማትሄድ ሰው ናት፤ አሁን የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ እንደተበታተነ፣ ክንዷ ላይ ሊጥ እንደደረቀ ነው የመጣችው። ጭኗ ላይ የሰገነትን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። ስታያት ተነሣች፤ ከዚያ ምን እንደምትል ስላላወቀች መልሳ ተቀመጠች።

«ደወሉ» አለች። «ሲስተሯ ናት። ዶክተሯ ቀደም ብላ ስለምትገባ ስምንት ተኩል ይምጡ አለች። ደግሞ … ከቤተሰብ ሰው ይዘው እንዲመጡ ያስታውሷቸው አለች።»

«በቆሎ በልቼ ነው እንጂ ጠዋት ያልቅ ነበር» አለች ሰገነት።

«ከቤተሰብ ሰው አምጡ የሚባለው መቼ እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? እናቴ የመጨረሻ ጊዜ ስትታመም ነው እንዲህ ያሉን።» ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ስለት አልነበረም። «መቼ ነው መጀመሪያ እንዲህ ያሉሽ?»

«ግንቦት።»

የሺሀረግ በጣቷ ቆጠረች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮሪደሩን የምትወለውለውን ሴት አዩ። የሺሀረግ ክንዷ ላይ የደረቀውን ሊጥ በጥፍሯ እየፈቀፈቀች፣ ፍርፋሪውን ወለሉ ላይ እንዳይወድቅ በመዳፏ ትይዘዋለች።

ዶክተር ሃዊ ወጣት ናት፤ ከወለጋ ተመድባ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሰገነትን አስተኝታ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ከጎድን አጥንቷ ሥር አስኬደችው። ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰገነት ጣሪያውን አየች፤ አንደኛው የኮርኒስ ጣውላ በዝናብ ረጥቦ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ዶክተሯ እንደ ግንቦቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ለካች፣ ጻፈች፣ እንደገና ለካች። የሺሀረግ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ትጸልያለች።

«አላደገችም» አለች ዶክተር ሃዊ። «ግንቦት ላይ የነበረችበት ልክ ናት፤ ቅርጿም አልተለወጠም። ባለፈው ሳምንት የሰጡት ደምም ደህና ነው። የትንንሽ ደም ሥሮች ጥቅልል ናት፤ ብዙ ሰው ሳያውቃት ይዟት ይኖራል። ካንሰር አይደለችም። ተነሥተው ይጥረጉ።»

ሰገነት ተነሥታ ተቀመጠች። መጥረጊያውን ወረቀት ተቀብላ ሆዷን መጥረግ ጀመረች፤ ከደረቀም በኋላ ጠረገችው። የሺሀረግ «ጌታ ሆይ» ብላ ወንበሩ ላይ ወረደች። ከዚያ ሰገነት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጠየቅ ያልደፈረችውን በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች።

«ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልተማርኩም። ይህቺ ሴት ድናለች ወይስ አልዳነችም? ወረቀቱን እኮ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። «ልንገራቸው ወይዘሮ ሰገነት? ሁሉንም?» ሰገነት ራሷን ነቀነቀች። «የሄፓታይተሱ ቫይረስ ጠፍቷል። ከዚያ ድነዋል፤ ወረቀቱ እውነት ነው። ግን ቫይረሱ ሳይታወቅ ምናልባት ሃያ ዓመት ጉበታቸው ላይ ሲሠራ ኖሯል። ኤች አይ ቪ አብሮ ሲኖር ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። ቫይረሱ ስለወጣ ብቻ ጠባሳው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። እያደር ሊለዝብ ይችላል፤ የማይለዝብላቸውም አሉ። ለዚህ ነው በየስድስት ወሩ የምናያቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸው ደግሞ እንደ ድሮው በየቀኑ ነው፤ እሱ አይቋረጥም።»

«ድካሙስ?» አለች የሺሀረግ። «ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሥራ ትጀምርና ትተዋለች። እኔ … » አላስጨረሳትም፤ ምን እንዳላስጨረሳት ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ። «ስንፍና ነው ብዬ ነበር።»

«ስንፍና የሚያሳይ ማሽን የለኝም» አለች ዶክተር ሃዊ። «እኔ ጋ ያለው ጉበት የሚያሳይ ነው። ግን እንደሳቸው ታክመው ቫይረሱ ከጠፋላቸው በኋላ ለዓመታት የሚደክማቸውን፣ ነገር የሚረሱትን፣ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸውን ብዙ ሰዎች አያለሁ። አብዛኞቹ ለእኔ እንኳን አይናገሩም፤ ውለታ ቢስ እንዳይባሉ ይፈራሉ። ደም ማነሱንም ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢም አይተናል፤ ደህና ናቸው። ከጠዋት ይሥሩ፤ ሲደክማቸው ይረፉ። ይህ ትእዛዝ ነው ብለው ይያዙት።»

ሰገነት በዚያች ሰዓት አለቀሰች። ለነጥቧ አላለቀሰችም። ስንፍና አይደለም የሚለውን በሰው አፍ ስትሰማ ነው የመጣባት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ራሷን ስትከስስ ኖራ፣ ክሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተዘጋላት። ዶክተሯ ቀጠሮውን ስትጽፍ የሺሀረግ የሰገነትን ጫማ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፤ ጎንበስ ብላ አጠለቀችላት፤ ሰገነት «ተይ» ብትላትም አልሰማችም።

ባጃጁ ላይ ብዙ አልተነጋገሩም። መንገዱ ዳር ከቀይ አፈር ከተማ የመጣ ጭነት መኪና ቆሞ ማሽላ ያራግፋል። የሺሀረግ ስልኳን አውጥታ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ርእሰ መምህርት ደወለች። ሰገነት አጠገቧ ሆና ሁሉንም ሰማች። «ሠላሳ አምስቱን መስከረም አምስት ትወስዳለሽ፤ የቀረውን ለልብስ ሰፊው ለአለማየሁ ሰጥተን እሱ ይሰፋዋል። አይ፣ አለማየሁም ጎበዝ ነው … አዎ፣ ሐኪም አዞባት ነው። ሐኪም ካዘዘ እኔ ምን አደርጋለሁ።» ስልኩን ዘጋች። ትንሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ወደ ውጭ እያየች «ጠዋት በአጥሩ ያልኩትን ሰምተሻል አይደል?» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ለዮርዲ እናት ነገ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

የሺሀረግ አሰበች። «ስለ ጠባሳው» አለች። «ሌላውን አይደለም። ስለ ጠባሳው ብቻ።» ይቅርታ የምትል ሴት አይደለችም፤ ሰገነትም አልጠበቀችባትም። ግን ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የሺሀረግ ክንዷን ያዘቻት፤ መንገዱ ከተስተካከለ በኋላም አልለቀቀቻትም። ሰገነት ከርቀት የትምህርት ቤት ልጆች ሲሮጡ አየች። የቤቴልን ትከሻ በየዓመቱ በራሷ ሜትር እንደምትለካው አሰበች፤ ግምቷ የተሳሳተ ከሆነም ቀሚሱን ታጠብቀዋለች፣ ታሰፋዋለች፤ ጊዜ አላት።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በትልቁ ቤት ለእራት ተቀመጡ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሰገነት እዚያ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። ጎመንና አይብ፣ ድንች በስጋ። ባዶ ሆዷን የዋለች ናትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗን ጨፈነች። የሺሀረግ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፤ ነጥቧን፣ ጠባሳውን፣ ግንቦትን። ቤቴል ስለነበረች አንዱን ቃል ዘላ ነገረችው። ወንድይፍራው እጁ ወጭቱ ላይ እንደቆመ ሰማ። ሰገነት ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለም እንዲህ ነበር፤ ሲፈራ ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ ባልተለመደ ሁኔታ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«ጠዋት ቅርብ ነው ያልሽኝ» አለ። «እኔም አልጠየቅኩሽም።»

«ጫማ ስትወለውል ነበር» አለች።

«ጫማ ስወለውል ነበር» አለ እሱም። ከዚያ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የካቲት ሃያ» አለች የሺሀረግ።

«ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ እኔ ነኝ አብሬያት የምሄደው።»

«አንተ? አንተ ዶክተሯን ምን ብለህ ልትጠይቅ ነው? እሺ ብለህ ነው የምትወጣው። እኔ ነኝ የምሄደው።»

«እህቴ ናት እኮ የሺ።»

«እህትህ መሆኗን ዛሬ ነው ያወቅከው? ሦስት ወር ሙሉ …»

«አንቺስ ሦስት ወር ሙሉ?»

ቤቴል «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ማንም አልሰማትም። ባልና ሚስቱ የካቲት ሃያ ምን ቀን እንደሚውል፣ ያን ቀን ፈቃድ ይገኝ እንደሆነ፣ በባጃጅ ነው ወይስ በቢሮ ሞተር እያሉ ተከራከሩ። ሰገነት ድንች ጨምራ በላች። ክርክሩ ደስ አላት፤ ሰው በሷ ምክንያት ሲጣላ እንዲህ የጣማት ጊዜ ትዝ አይላትም። እጇን ታጠበች። ውጭ ገና ብርሃን ነበረ፤ የጎረቤት ልጆች በመንገዱ ላይ ይጮኻሉ፤ ገና ወሬ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። እሷ ግን ሰውነቷ ወደ ታች ሲጎትታት ተሰማት። ከዚህ ቀደም ቢሆን እስከ ሦስት ሰዓት ጥርሷን ነክሳ ትቀመጥ ነበር።

«እኔ ልተኛ ነው» ብላ ተነሣች።

ክርክሩ ለአፍታ ቆመ። የሺሀረግ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጋቢ አንስታ ለቤቴል ሰጠቻትና «አድርሺላት፤ ሌሊት ይበርዳል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች፤ ስለ የካቲት የቀራት ነገር ነበር።